ይቅደሙ ስንባባል ያመለጡን ሦስት ባቡሮች

ሰው ከመሬት በታች የሚወርደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ተሸክመውት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ከመቱ ወጥተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔ በእግሬ ወርጄ፣ በእግሬ ወጥቼ፣ ይኸው ቤቴ ተቀምጬ እጽፍላችኋለሁ።

ማን መሆኔን የማያውቅ አንባቢ ካለ (ይኖራል ብዬ አይደለም፤ ለወጉ ያህል ነው) ባጭሩ ልናገር። ጋሽ ወርቅነህ ነኝ። በትምህርት ቤት ደጅ አልፌያለሁ እንጂ አልገባሁበትም። ፊደል የቆጠርኩት ከስኳር ኬሻና ከዘይት በርሜል ላይ ነው። የወፍጮ ሞተር የተማርኩት ራሱን ሞተሩን ፈትቼ ነው። ኡካ ላይ ሦስት መካኒኮች ተራ በተራ አይተው «አበቃለት» ያሉትን ወፍጮ አስነስቻለሁ። ኖፓ ላይ የአንድ ነጋዴ ጄኔሬተር በብስክሌት ካላማዳሪ ጠግኜ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ካልሠራም የነጋዴው ጥፋት ነው። በጀርመንኛ የተጻፈ የሞተር መመሪያ ቋንቋውን ሳላውቅ በሥዕሉ ብቻ አንብቤ ጨርሻለሁ። መጨረሻው ላይ ከጸሐፊው ጋር ትንሽ አልተስማማንም።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ አብነት ከአዲስ አበባ ደውሎ «ጋሼ፣ ለሽምግልና ይምጡልኝ» ሲለኝ የደወለው ለማን እንደሆነ አውቃችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብነት ቤዛ የምትባል ልጅ ወዷል። ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ የላከው ግን የመሥሪያ ቤቱን አለቃ አቶ ግርማንና ሁለት ባልደረቦቹን ነው። የልጅቷ አባት ሦስቱንም ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ፣ «ይህ ልጅ የተወለደው ከመሥሪያ ቤት ነው እንዴ? ዘመድ የለውም? ደግሞ ጥድፊያው ምንድን ነው?» ብለው መለሷቸው። ቀጠሮ ሰጡ፤ እሑድ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ሥጋ ዘመዱ ባለበት። ሦስተኛ ቀጠሮ እንደሌለም አብረው ተናገሩ። አብነት ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ «ጋሼ፣ እሷን ካጣሁ...» ብሎ ተወው። እኔም «ዝም በል፣ እኔ ካለሁ ምን ታጣለህ» አልኩት።

ለመንገድ ጓደኛ ጋሽ ከድርን ያዝኩ። ከድር መቱ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ፣ አገሩ ስልጤ፣ እኛ ጋ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ሚዛን ሳይዝ አይናገርም፤ እኔ ደግሞ የምናገረው ብዙ ስለሆነ ዝም የሚል ሰው ያስፈልገኛል። አምስት ኪሎ የኢሉባቦር የጫካ ማር በባልዲ ያዝን። ባልዲውን ከድር ተሸከመ፤ ኃላፊነቱን እኔ።

ከመሄዴ በፊት መናኸሪያ አጠገብ እትዬ አስናቀች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስለምድር ውስጥ ባቡር ትንሽ ማብራሪያ ሰጥቼ ነበር። አብነት «በባቡር ነው የምትሄዱት፤ የምትሳፈሩበት ጣቢያ ከመሬት በታች ነው» ስላለኝ ሕዝቡ ማወቅ አለበት ብዬ ነው። አንድ መኮሮኒ አስመጣሁና ምስር አስገባሁበት። «መኮሮኒው ዋሻው ነው፣ ምስሩ ባቡሩ ነው» አልኩ።

«ከላይ ያለው ቤትስ አይወድቅም?» አለች እትዬ አስናቀች።

«ፍልፈል ስንት ዘመን ከሥርሽ ሲቆፍር ኖሯል። ቤትሽ ወድቋል?»

«ዱጋ፣ እውነት ነው» አለ አንድ የባጃጅ ነጂ። ከዚያ አስከትሎ «ጋሼ፣ አይተውት ያውቃሉ?» አለኝ። አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው፤ መማር ሲጀምር ይበላሻል።

እሑድ ጠዋት አብነት ከድርንና እኔን ጣቢያው አፍ ድረስ አደረሰን። ሙሽራ ለመሆን የሚለምን ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር ደጅ ላይ መታየት የለበትምና ከዚያ ወዲያ አልሄደም። ትኬት ቆርጦ ለየብቻ ሰጠንና የምንወርድበትን ጣቢያና የቤቱን ምልክት ለማስረዳት አፉን ከፈተ። እኔ «መንገድ ለእኔ አይነገርም፤ ለከድር ንገረው» ብዬ ዞር አልኩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትመለሳለች።

ደረጃውን ወረድን። እውነቱን ልናገር፤ ለእትዬ አስናቀች ጨለማ ነው ብያት ነበር። ጨለማ አይደለም። እኛ ጋ ከመሬት በላይ ሆኖ ከሚበራው መብራት ይልቅ ከመሬት በታች ያለው ይበልጣል። ግድግዳው ሰድር ነው፣ ወለሉ ይወለወላል፣ ሰዉ ግን አይተያይም። ሰላምታ ሰጠሁ። «እንደምን አደራችሁ» አልኩ፣ ለሁሉም በጅምላ። ሁለት ሰው ቀና ብሎ አየኝ፤ አንዱ የጠፋበት ነገር እንዳለ ኪሱን ዳበሰ።

ባቡሩ መጣ። ምስር አይመስልም፤ እሱን አርሜያለሁ። በሩ በራሱ ተከፈተ። ከድር ባልዲውን አቅፎ ገባ። እኔ ልከተል አንድ እግሬን ሳነሳ፣ ካጠገቤ አንድ ሽማግሌ አየሁ። ረጅም ካፖርት፣ ባርኔጣ፣ የተወለወለ ከዘራ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ዘላችሁት ትገባላችሁ? እኔ የሰው ልጅ ነኝ።

«ይቅደሙ» አልኩ።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» አሉ።

«አይሆንም፣ እርስዎ።»

«እንግዳ ይመስላሉ፤ እንግዳ ነው የሚቀድመው።»

«ቢሆንም ታላቅ ነዎት።»

ይህን ስንባባል ሰዉ በእኛ መካከል እንደ ጎርፍ እየሾለከ ይገባል። አንዲት ሴት «ወይ ግቡ ወይ ልቀቁ» አለችን። መቱ ቢሆን፣ ሁለት ሽማግሌዎች በር ላይ ሲገባበዙ መኪናው ይቆማል። ሾፌሩ ሞተሩን ያጠፋል፤ ተሳፋሪው «እንግዲህ ጋሼ፣ ይበቃል፣ ይግቡ» ብሎ ያስታርቃል። በሩም ማን ፊት እንደቆመ ያውቃል። የአዲስ አበባ ባቡር በር ግን ወላጅ ያሳደገው አይደለም። ጢጥ ጢጥ አለና ተዘጋ። ከድር ከመስታወቱ ጀርባ፣ በአንድ እጁ ባልዲውን አቅፎ፣ በሌላው መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ሄደ። ማሩም ሄደ። የቤቱ ምልክትም ሄደ።

ዓረፍተ ነገሯ ተመለሰች አይደል?

ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ወጥቼ ልደውል እንዳልል፣ ወጥቼ ስመለስ ትኬቱ ይሠራል አይሠራም የሚለውን አላጣራሁም፤ መጠየቅ ደግሞ ልማዴ አይደለም። ሰዓቴ ሦስት ተኩል ይላል። ሌላ ባቡር ይመጣል ብዬ ቆምኩ። ሽማግሌውም ቆሙ።

«በእኔ ምክንያት አመለጠዎት» አሉ።

«አይ፣ ያመለጠው እርስዎን ነው። እኔ አልቸኩልም። እኔ ሳልደርስ የሚጀመር ነገር የለም።»

«እንደሱ ከሆነ እኔም አልቸኩልም» አሉ ከዘራቸውን ተደግፈው። «እኔም ሳልደርስ የሚጀመር ነገር የለም።»

አነጋገራቸው ትንሽ ኩራት አለበት። ኩራተኛ ሰው አልወድም።

ሁለተኛው ባቡር ሊመጣ ሩብ ሰዓት ፈጀ። በዚህ መሃል ነገሩን በእድሜ እንጨርሰው ተባባልን። ታላቅ የሆነ ይቀድማል፣ አለቀ። «የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ እኔ ሱሪ ታጥቄያለሁ» አልኩ። ሽማግሌው «እኔ ያን ጊዜ ገና በቁምጣ ነበርኩ» አሉ። ዋሹ! ቅንድባቸው ነጭ ነው። እኔ ትልቅ ሆኜ እንድቀድም እድሜያቸውን ሲቀንሱ እያየሁ እንዴት ዝም ልበል? «ሱሪ የታጠቅኩት ያለ እድሜዬ ነው፤ ልጅ ሆኜ ቶሎ አደግኩ» አልኩና እኔም ቀነስኩ። እሳቸው ቀነሱ። እኔ ቀነስኩ። ባቡሩ ሲደርስ ሁለታችንም ገና አልተወለድንም ነበር።

በሩ ተከፈተ። ጊዜው እያለፈ መሆኑን አውቃለሁ። የአብነት «እሷን ካጣሁ» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። ልግባ፣ ይበቃል ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን አፌ ቀደመኝ። «እርስዎ ሳይቀድሙ ብገባ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!» አልኩ።

ሽማግሌው ቀጥ አሉ። «ገብርኤልን፣ አልቀድምዎትም!»

ጢጥ ጢጥ። ተዘጋ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የእኛን አገር መሐላ ታውቃለህ። ከመሐላ በፊት የነበረው ትሕትና ነው፤ ከመሐላ በኋላ ያለው እስር ቤት ነው። እኔ ብቀድም የአባቴ አጥንት፤ እሳቸው ቢቀድሙ ገብርኤል። አባቴ በሕይወቱ ጊዜም መቀለድ አይወድም ነበር። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ለመቀመጥም ማን ይቅደም በሚለው ላይ ትንሽ ተነጋግረን ነበር፤ እሱን እለፉት።

የጣቢያው ጠባቂ መጣች። ወጣት ናት፣ ደንብ ልብስ ለብሳለች። «አባቶች፣ ምን ሆናችሁ ነው ባቡር የምታሳልፉት?» አለች። ድምፅዋን ስሰማ የእኛ አገር ሰው መሆኗን ወዲያው አወቅኩ። በኦሮምኛ ጠየቅኳት፤ የበደሌ ልጅ ናት። ያን ጊዜ ልቤ ሞቀ፤ ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋት። ስለ መሐላው ስነግራት ሦስተኛው ባቡር መጣ። እሷ «ማሎ፣ ሴና!» ትላለች፤ እባካችሁ ግቡ ማለቷ ነው። እኔ «ቆይ ልጨርስልሽ» እላለሁ። ሽማግሌው «የእኔንም መሐላ ይንገሯት» ይላሉ። ጢጥ ጢጥ።

ሰዓቴን አየሁ። አራት ሰዓት አልፏል። ሦስተኛ ቀጠሮ የለም ተብሏል። መቱ ለሠርግ የሚታረድ በሬ የሚመርጡ ዘመዶች አሉኝ፤ አብነት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ሞተር ሆኖ ቢሆን ፈትቼ አየው ነበር። እዚህ ግን የሚፈታ ቡሎን የለም... አንገቴን ደፋሁ። ይህን የምጽፈው ሐቀኛ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ጠባቂዋ አየችኝና «ጋሼ፣ ባቡሩ እኮ ብዙ በር አለው» አለች።

ያለችው ይህን ብቻ ነው። ከዚህ ውስጥ መፍትሔውን ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ፤ በር እንዳለ ሁሉም ያያል፣ ጥቅሙን የሚያይ ጥቂት ነው። እኔ በአንደኛው በር፣ እሳቸው በሁለተኛው፣ እኩል እግር አንስተን እኩል እናሳርፋለን። ማንም ማንንም አልቀደመም፤ አባቴም ገብርኤልም ተከበሩ።

አራተኛው ባቡር ሲደርስ ጠባቂዋ መሃል ላይ ቆመች። «ቶኮ... ለማ... ሰዲ!» አለች፣ በጣቷ እየቆጠረች። ሽማግሌው ኦሮምኛ ባይሰሙም ሦስት ጣት አይተዋል። ገባን። እግራቸውን አሾልቄ አየሁ፤ እኩል ነበር። እሳቸውም የእኔን ሲያዩ ያዝኳቸው። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሕዝብ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ።

የት እንደምወርድ አላውቅም። ለከድር ሲነገር ግን «አራተኛው» የምትል ቃል ጆሮዬ ላይ አርፋለች፤ ጆሮዬ ሥራ አይፈታም። አራተኛው ላይ በራሴ በር ወረድኩ። ሽማግሌው በበራቸው ወረዱ።

ከጣቢያው ወጥተው ወደ ግራ ታጠፉ። ደውዬ እንዳልጠይቅ መንገድ ለእኔ አይነገርም ብያለሁ፤ ሌላ የማውቀው ሰው ስለሌለ እኔም ወደ ግራ ታጠፍኩ። አስፋልቱን ለቀው ኮብልስቶኑ ላይ ገቡ። እኔም ገባሁ፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ፣ ለክብራቸው ስል። ቆም አሉ።

«ይከተሉኛል?»

«እኔ? መንገዳችን ገጥሞ ነው።»

«ወዴት ነዎት?»

«ለትልቅ ጉዳይ። እርስዎስ?»

«እኔም ለትልቅ ጉዳይ» አሉና ቀጠሉ።

እናንተ አሁን ገምታችኋል። እኔ ግን ከመሬት በታች አንድ ሰዓት ከርሜ መውጣቴ ነው፤ አትፍረዱብኝ። ጥጉን ስንዞር አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ፊት ከድር ባልዲውን አቅፎ ቆሟል። አጠገቡ አቶ ግርማ፣ የአብነት አለቃ፣ ሰዓቱን እያየ ይንጎራደዳል።

«ጋሼ ወርቅነህ!» አለ ከድር። «የት ገቡ? እኔ ወርጄ መጠበቅ፣ ተመልሼ መምጣት፣ ማሩን ይዤ...»

ከውስጥ ደግሞ የሴት ድምፅ ተሰማ። «ጋሽ ይልማ መጡ! አጎትዬው መጡ! በሉ አሁን ይጀመራል!»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ወደ እሳቸው። ለካ እኒህ ሰው የቤዛ ታላቅ አጎት ናቸው፤ በዚያ ቤት ለሽማግሌ መልስ የሚሰጡት እሳቸው። ለካ እኔ ሳልደርስም፣ እሳቸው ሳይደርሱም የሚጀመር ነገር አልነበረም።

ለጊዜው ግን ትልቁ ችግር ሌላ ነበር። በሯ ጠባብ ናት፤ አንድ ሰው ነው የምታስገባው።

«ይግቡ፣ እንግዳ ነዎት» አሉ ጋሽ ይልማ።

«ቤቱ የእርስዎ፣ እርስዎ ይምሩ» አልኩ።

ከድር ባልዲውን መሬት አስቀመጠና «በአላህ!» አለ። ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከውስጥ አንድ ብልህ ሰው የመኪና መግቢያውን በር ሁለቱንም ክንፍ ከፈተልን። ጎን ለጎን ገባን።

የቤዛ አባት ሳሎኑ መሃል ቆመዋል። ፊታቸው የተዘጋ ሱቅ ይመስላል። «አራት ሰዓት ነበር ያልነው» አሉ። «አምስት ሊሆን ነው። ልጄን ሊጠይቅ የመጣ ሰው እንዲህ ከሆነ...»

ከመቱ ጀምሮ በአውቶቡስ ውስጥ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። የዘር ሐረግ አለው፣ ተረት አለው፣ መሃሉ ላይ ስለ እኔም ትንሽ አለ። አንዲት ቃል አልመጣችም። ሕይወቴን ሙሉ ምላሴ ቆማ አታውቅም፤ ያን ጊዜ ቆመች። አቶ ግርማ ያየኛል። ከድር ያየኛል። ከጓዳ በር ሥር ሁለት እግር ይታየኝ ነበር፤ የቤዛ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት። እግሮቹ አይንቀሳቀሱም።

«አንተ ቆይ» አሉ ጋሽ ይልማ ወንድማቸውን። «የዘገዩት በእኔ ነው። እኔም የዘገየሁት በእሳቸው ነው። ባለፈው ሽማግሌ ሲመጣ ምን አልን? ጥድፊያው ምንድን ነው አላልንም? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ አልነበር? የልጁን ዘመድ እፈትሻለሁ ብዬ ነበር የምመጣው። እንግዲህ ፈትሻለሁ፤ ያውም ከመሬት በታች። ማንነቴን ሳያውቁ፣ ጉዳያቸው እየተቃጠለ፣ ለማያውቁት ሽማግሌ ብለው ሦስት ባቡር አሳለፉ። በዚህ ከተማ ለእኔ ብሎ አንድ ባቡር ያሳለፈ ሰው አይቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ ልጃችንን ገፍቶ አይገባም።»

አባትየው ወንድማቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከድር ያቀፈውን ባልዲ አዩ። ፊታቸው ላይ የሱቁ መዝጊያ ትንሽ ከፍ አለ።

«በሉ ተቀመጡ» አሉ።

«ሳትሰጡን አንቀመጥም» አልኩ፤ ምላሴ ተመልሳ ነበር።

«እርስዎ ካልተቀመጡ እኔም አልቀመጥም» አሉ ጋሽ ይልማ።

አቶ ግርማ ግንባሩን ያዘ። ያን ጊዜ ከድር፣ ባልዲውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ መጀመሪያ ያገኘው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። «እኔ በመስታወት ስታዩኝ የሄድኩ ሰው ነኝ» አለ። «ለእኔ መቅደም ተፈቅዷል።» አባትየው ሳቁ። ከጓዳ በር ሥር ያሉት እግሮች ጠፉ፤ ከዚያ ሴቶች በአንድነት እልል ሲሉ ሰማን። እስካሁን ማን «ሰጥተናል» እንዳለ አልሰማሁም፤ ግን ሰጡን።

አብነትን የደወልኩለት ከደጅ ነው። «ጋሼ?» አለ። «ሱፍ ግዛ» አልኩት።

መቱ ስመለስ እትዬ አስናቀች ሻይ ቤት ያው ባጃጅ ነጂ ተቀምጧል። «እሺ ጋሼ፣ ታዲያ መኮሮኒ ይመስላል?» አለኝ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መልስ የሚሰጠው በሥራ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዞ ያከናወንኩትን ብቻ ልዘርዝርና ላብቃ።

ከመሬት በታች ወርጄ ሳልቀበር ወጥቻለሁ።

የምድር ውስጥ ባቡር ብዙ በሮች ያሉት ለምን እንደሆነ ሠሪዎቹ ሳይነግሩኝ ደርሼበታለሁ።

ለአባቴ አጥንት የገባሁትን መሐላ ሳላፈርስ፣ የሰውንም ገብርኤል ሳላስቀይም አራት ጣቢያ ሄጃለሁ።

ያለ ንግግር ልጅ አጋብቻለሁ፤ በንግግርማ ማንም ያጋባል።

ጢጥ ጢጥ ሲል በር ሊዘጋ መሆኑን ለመቱ ሕዝብ አሳውቄያለሁ፤ ለሚመጣው ጊዜ ይጠቅማል።

ከድርን «በአላህ» አሰኝቻለሁ።

በመጨረሻም፣ ለመልሱ ጋሽ ይልማ መቱ ድረስ እንደሚመጡ ልከውብኛል። መናኸሪያ ወርጄ የምቀበላቸው እኔ ነኝ፤ ከዚያ ቤት ድረስ የምንሄደው በዚያው ጠያቂ ነጂ ባጃጅ ነው። የመቱ ባጃጅ መግቢያው በአንድ በኩል ብቻ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በግራ በኩል ብረት አለው። ብረቱን እንዲፈታ አዝዤው ነበር፤ «ምን ሊሠራልዎት?» ብሎ ሳቀ። መፍቻዬን ይዤ ሄጄ ራሴ ፈትቼዋለሁ።